ቤተ መንግሥት ያየሁበት ሰሞን

ሰኞ

ኮሌታ ዛሬ መጥቶ ሸሚዞቹን በሙሉ ወሰደ። ኮሌታ የምለው ባንክ ቤት የሚሠራውን ደንበኛዬን ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ በሰጠሁት ቁጥር ኮሌታውን በጣቱ ሳይዳስስ ከደጄ አይንቀሳቀስም። ቀጠሮው ለሐሙስ ነበር።

«ያልደረሰውንም ይስጡኝ፣ እማማ» አለኝ።

«ሳይተኮስ ምን ያደርግልሃል? ልትተኛበት ነው?»

ሳቀ። ዓይኔን ግን አላየኝም። ሸሚዞቹን እንደ አሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተታቸውና ሄደ። አንዱንም አልዳሰሰም። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ መሆን አለበት። ወንድ ልጅ ቤቱ ሲታመስበት ነው እንዲህ የሚጣደፈው።

ሰኞ ማታ

እጄ እንዳይረሳ ትንሽ ልጨምር። የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «በየቀኑ ጥቂት መስመር ጻፉ፤ የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ አታሳምሩት» ትለን ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከነጣ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ በዕድሜ የምትበልጠኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም መነጽሯን ቤት እየረሳች ትመጣለች። አሁን የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው የሌላ ሰው ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ሁልጊዜ ተቆጥታ ነው የምትናገረው።

ቤቱ የእኔ ነው። እኔና ባለቤቴ ነን የሠራነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ላይኛው ፎቅ ላይ ልጄና ሚስቱ ይኖራሉ፤ ታች በጓሮ በኩል እኔ እተኛለሁ፤ በመንገድ በኩል ደግሞ የካውያ ቤቴ አለ። አንድ ትልቅ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ ሁለት ካውያ። ባለቤቴ ታሞ የተኛ ጊዜ ነው የጀመርኩት። ልጄን ያስተማረው ይህ መስኮት ነው። እዚያ ቆሜ ስተኩስ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይለኛል። ጓሮ ስገባ ግን መኖሬንም የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ

በጥድፊያ። ዝናቡ አላቆመም፣ ሰው ሁሉ እርጥብ ልብስ ይዞ ነው የሚመጣው። የጠበቃው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ቡኒ ሆነ። ትንሽ። ካውያው አርጅቷል፤ ሙቀቱን በራሱ ይጨምራል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው «እማማ! እማማ!» እያለ ሮጦ ገብቶ ሶኬቱን ነቀለው። እኔ በር ላይ ከአትክልት ሻጯ ጋር አንድ ሁለት ቃል እየተነጋገርኩ ነበር። ልመለስ ስል ነው የቀደመኝ። ማን ጠራው?

ሐሙስ

ልጄ ዛሬም አነሳው። «እማዬ፣ አሁንስ ማረፍ አለብሽ።»

«ስሞት አርፋለሁ» አልኩት።

ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር። ከኋላ ሳያት ትከሻዋ የሳቀ መሰለኝ። ወይ አልሳቀም ይሆናል። ልጄ ባለፈው የተቃጠለችውን ፎጣ ደግሞ አነሳ። አንዲት ፎጣ! ጭሱ ፎቅ ድረስ ወጣ ይለኛል። ጭስ ወዴት ሊሄድ ኖሯል፣ ወደ ታች?

«እሱን ነው የምልሽ እኮ፣ እማዬ። እላይ ሰው ተኝቷል።»

«የተኛ ሰው ጭስ ሲሸተው ይነሳል» አልኩት። ተነስቶ ወጣ። እንጀራውን የበላበትን ሥራ ነው እንዲህ የሚንቀው። ስሙን ጠርቼ ልመልሰው ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ቅዳሜ ማታ

ትንሿ መጣች። ታናሽ እህቴ ናት። ሃምሳን አልፋለች፤ ግን እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝና እስከ ዛሬ ትንሿ ናት። ድሮ በወር አንዴ ብትመጣ ነው፣ በዚህ ሳምንት ይኸው ሁለተኛዋ። ብርቱካን ይዛልኝ መጣች። ጫማዋን አውልቃ እንደ ልጅነቷ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እምቢ እንዳትዪኝ።»

«ሳልሰማ?»

«ሳትሰሚ።»

«ጅል መሰልኩሽ? ያልሰማሁትን እሺ ብዬ ኋላ ኩላሊትሽን ስጪኝ ብትዪኝስ?»

ሳቀች። «ኩላሊትሽ ላንቺም አልሆነሽ። ቤተ መንግሥቱን ላሳይሽ ነው» አለች።

ብርቱካኑ እጄ ላይ ቀረ።

በማንበቢያ መጽሐፋችን ላይ ስለ ቤተ መንግሥቱ አንድ ገጽ ነበር። ነገሥታቱ ካለፉ በኋላ ለሕዝብ እንደ ተከፈተ፣ የንግሥቲቱ መኝታ ቤት ጣሪያ በሙሉ ወፍ እንደ ተሳለበት ይናገራል። ማንም ሳያግዘኝ ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት የመጀመሪያው ገጽ ያ ነው። ያን ቀን ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ትንሿ ቤት ሄጄ አነበብኩላት። ጣቴን በመስመሩ ሥር እያስኬድኩ፣ አንዳንዱ ቃል ላይ እየተንተባተብኩ። ጨርሼ ቀና ስል እንባዋ መጥቶ ነበር። «እትዬ፣ አንድ ቀን እናየዋለን» አለችኝ። ለሌላ ሰው አላነበብኩም። ልጄ ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ።

«ሐሙስ እንሄዳለን፣ ቅዳሜ እንመለሳለን። ሁሉንም አዘጋጅቻለሁ» አለች።

«ደንበኞቼስ?»

«ደንበኞችሽ ሦስት ቀን ተጨማደው ቢውሉ አይሞቱም።»

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ልጄ ሲሰማ «ሂጂ እማዬ፣ ሂጂ!» አለ። ደጅ ልቀመጥ ስል እንኳ «ብርድ ነው፣ ግቢ» የሚለኝ ልጅ! ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኝም ተናድጃለሁ። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?

ሰኞ

ምራቴን መስኮቴን በሜትር ስትለካ አገኘኋት። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት ደነገጠች።

«መጋረጃ… መጋረጃ ላሰፋልዎት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ለካውያ ቤት መጋረጃ? ሸሚዞቹ እንዳያፍሩ ነው?»

ሜትሩን እየጠቀለለች ትንሽ ቆመች። ከዚያ «እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት…» ብላ ጀመረች።

«ነገርሽን ለባልሽ ንገሪው። እኔ ሥራ አለብኝ።»

ወጣች።

አሁን ጸጸተኝ። ሰው መጋረጃ ላሰፋልሽ ሲል እንዲህ አይመለስለትም። አፌ ከካውያው ይብሳል። ከቤተ መንግሥቱ ስመለስ አንድ ነገር አመጣላታለሁ።

ማክሰኞ

ጠበቃውም ልብሱን ወሰደ፣ የተቃጠለችውን ሱሪ ጭምር፤ ቃል አልተናገረኝም። የሆቴሉ አስተናጋጅም ወሰደ። ሁሉም ከቀጠሮ በፊት፣ ሁሉም ችኩል። መደርደሪያዬ ግማሹ ባዶ ነው። እንደምሄድ ሰምተው ይሆናል፤ ትንሿ እንደሆነች ምሥጢር አይቋጠርላትም።

ልብስ ሰፊው ሻይ ይዞልኝ መጣ። አድርጎት አያውቅም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን፣ መስኮቱን ሲያይ ቆየ።

«መቼም እማማ፣ እንደርስዎ ያለ ጎረቤት አይገኝም ነበር» አለኝ።

«ልሞት ነው እንዴ? ሐኪሙ ለአንተ ብቻ ነገረህ?»

ሳቁ መጥቶ ሲያንቀው ሻዩን በክንዱ ነክቶ ሸሚዝ ላይ ሊደፋብኝ ነበር። «ኧረ እርስዎማ ሁላችንንም ይቀብራሉ» ብሎ ወጣ።

ሳልፈልግ የሰማሁት፦ ልጄ ደረጃው ላይ ቆሞ በስልክ «ሐሙስ ጠዋት ትወጣለች። እስከ ቅዳሜ ማታ ይበቃችኋል?» ይላል። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የሚስቱ ወንድም ዕቃ ሊያመጣ ይሆናል። እሱ ዕቃውን ከአንዱ ሰው ቤት ወደ ሌላው ሰው ቤት ሲያዛውር ነው የሚኖረው።

ረቡዕ

የቀሩትን ልብሶች ተኩሼ በየቦታቸው ደረደርኳቸው። የእያንዳንዱን ደንበኛ ልብስ በክር ነው የምለየው። ከአንገቱ ውስጥ፣ ከስፌቱ ዝቅ ብዬ ትንሽ ክር እጠልፍበታለሁ፦ ለኮሌታ ቀይ፣ ለጠበቃው አረንጓዴ፣ ለሾፌሮቹ ቢጫ። ፊደል ሳላውቅ የጀመርኩት ነው። አሁን ስማቸውን መጻፍ እችላለሁ፤ ግን ወረቀት ይወድቃል፣ ክሩን ደግሞ ጣቴ በጨለማም ያውቀዋል።

ቁልፉን ለልጄ ሰጠሁት። «ማንም እንዳይነካብኝ» አልኩት።

«እሺ እማዬ» አለ። ልጅ ሳለ ብርጭቆ ሰብሮ የሚደብቀኝ ጊዜ እንደሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ። ምን ሰብሮ ይሆን?

ሐሙስ ማታ፣ ማረፊያ ቤት

ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ዋልን። ትንሿ በመስኮት በኩል ያለውን ቦታ ለቀቀችልኝ። የማላውቀው አገር ሁሉ አለፈ፤ ዛፍ፣ ድልድይ፣ የሰው ልብስ የተሰጣበት ገመድ። ዝናብ እየመጣ አላወረዱትም። አውቶቡሱን አስቁሜ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝ።

ክፍላችን ጠባብ ናት። ሁለት አልጋ አላት፣ አንደኛው ያቃስታል። ትንሿ «የሚያቃስተውን እኔ ልውሰደው» አለች።

«ተዪው፣ እኔና እሱ እንግባባለን» አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንሶላው አልተተኮሰም። ስላጠፉት ብቻ የተተኮሰ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ።

አንድ ነገር፦ ሳላያት ታየኛለች። ዞር ስል ዓይኗን ትሰብራለች። «ምነው?» ስላት «ደክሞሽ እንደሆነ ብዬ ነው» አለችኝ። አልደከመኝም። ነገን እየጠበቅኩ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ነገን መጠበቅ ያሳፍራል።

ዓርብ

አየሁት።

ከየት ልጀምር? በር ላይ ከጫማችን በላይ የሚጠለቅ ወፍራም የጨርቅ ሽፋን ሰጡን፤ ወለሉ እንዳይጫር ነው። ስለዚህ እዚያ ቤት ማንም አይራመድም፣ ሁሉም ይንሸራተታል። ሆዳቸው ትልቅ የሆነ ሰውዬ ከፊታችን እንደ መርከብ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ትንሿ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ንጉሡም እንዲህ ነበር የሚሄደው?» ስትለኝ፣ አስጎብኚው ንግግሩን አቁሞ እስኪያየን ድረስ ሳቅን። ሁለት አሮጊቶች!

በየክፍሉ በር ላይ ጽሑፍ አለ። ሁሉንም አነበብኩ። ቀስ ብዬ ስለማነብ ሰዉ ጥሎን ይሄዳል፤ ስንደርስበት አስጎብኚው ጨርሶ ወደሚቀጥለው አልፏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትንሿ «ኧረ ቶሎ በዪ» ትለኝ ነበር። ዛሬ አላለችኝም። «የግብዣ አዳራሽ።» «የመልእክተኞች መጠበቂያ።» መጠበቂያው ከእኔ ቤት ይበልጣል። ለመጠበቅ ብቻ! ወንበሮቹ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ቀይ ገመድ ተወጥሯል። ከነገሥታቱ ሁሉ በኋላ የሚጠብቀው ገመዱ ብቻ ነው።

በአንዱ ክፍል የንጉሡ ልብሶች መስታወት ውስጥ ተሰቅለዋል። ሰው ሁሉ ዘውዱን ለማየት ተጋፋ፤ እኔ ሸሚዙ ጋ ቀረሁ። ነጭ ነው፣ በጊዜ ብዛት ትንሽ ቢጫ ብሏል፣ አንገቱ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ከአንገቱ ውስጥ፣ ከስፌቱ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ሰማያዊ ክር አለች። ተጠልፋ ጫፏ ተቋጥሯል። ልክ እንደ እኔ። ልክ እንደ እኔ! አንዲት ሴት፣ ይህ የንጉሡ ነው ከሌላው እንዳይቀላቀል ብላ፣ መብራት አጠገብ ጎንበስ ብላ ሰፍታዋለች።

«ትንሿ! ነይ እይ! ነይማ!» ብዬ ጮህኩ።

ትንሿ መስኮቱ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ታናግር ነበር። «አይ፣ ገና ነን» ስትል ሰማኋት። «ነገም አይደርስም? … ታዲያ እኔ ምን ልበላት?»

አስጎብኚው መጥቶ «እማማ፣ መስታወቱን አይደገፉት» አለኝ። ክሩን አሳየሁት። ደግ ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብሎ አየልኝ። «ብል በልቶት የተጠገነ ይሆናል» አለና ወደ ዘውዱ ተመለሰ። ይሁንለት። ዘውዱን ሳላየው ወጣሁ።

ወደ ንግሥቲቱ ክፍል የሚያወጣው ደረጃ ጠመዝማዛ ነው፤ በዚያ የጨርቅ ጫማ ደግሞ! ትንሿ ስልኳን ከተተችና እጄን ያዘች። ሕፃን ሳለች መንገድ ሳሻግራት እንደምይዛት ነው የያዘችኝ፣ ጣቶቿን በጣቶቼ መሃል አስገብታ። እላይ እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። ከደረስንም በኋላ አልለቀቀችኝም።

ጣሪያው ገጹ እንዳለው ነው። ገጹ ያላለው ነገርም አለ፦ ጥግ ላይ አንዷ ወፍ አላለቀችም። ክንፏ መስመር ብቻ ነው፣ ቀለም አልደረሰበትም። ሠዓሊውን ምን አግኝቶት ይሆን? አንገቴ እስኪያመኝ ሳያት ቆየሁ። ዝቅ ስል ትንሿ ታለቅሳለች።

«ወፎቹ ናቸው» አለችኝ።

እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሰው አየን፤ ይየን።

ቅዳሜ

ጠዋት ሻንጣዬን ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። ትንሿ ከውጭ ገብታ «አውቶቡስ የለም፣ እስከ ነገ እንቆያለን» አለች። በመስኮቱ አውቶቡሱ ሰው ሲጭን ይታየኛል።

«ያውና!»

«ሞልቷል» አለች። ቀጥላም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «እትዬ፣ ደግመን ብናየውስ ምን አለበት?» አለች።

ገባኝ። ለእኔ ብላ ነው። ትናንት እንዴት እንደሆንኩ አይታ አንድ ቀን ልትጨምርልኝ ፈለገች። ኩራቴን ስለምታውቅ በአውቶቡሱ አመካኘች። በሕይወቴ ማንም ሰው ለእኔ ሲል እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቶልኝ አያውቅም። እንዳልገባኝ ሆኜ ሻንጣዬን መልሼ ከፈትኩ።

ደግመን ሄድን። አስጎብኚው አወቀን፣ «ንግሥቲቱ መጡ» ብሎ ቀለደብኝ። ያላለቀችውን ወፍ ተሰናበትኳት። ለምራቴ ወፍ የተሳለበት መሀረብ ያዝኩላት። ሳልተኩሰው አልሰጣትም።

እሑድ

ደረስን። የመንገዱ ጥግ ላይ ኮሌታን አገኘነው።

«እንኳን አረፉ፣ እማማ! ይገባዎታል!» አለኝ።

ስለ ጉዞው መሰለኝ። «የምን እረፍት ነው፣ እግሬ አብጧል» አልኩት። ትንሿ ክንዴን ጎተተችኝ።

መስኮቴ ላይ ስልክ ተደርድሯል።

ሌላ አልጽፍም።

ማክሰኞ

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

መስኮቱ አዲስ መስታወት ገብቶለታል። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ ከሶኬቱ በላይ የጠቆረችው ቦታ እንኳ የለችም። የምራቴ ወንድም ስልክ ሊሸጥበት ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ «እንኳን ደህና መጡ እማማ» አለኝ፣ እንደ እንግዳ። ሸሚዙ አዲስ ነው፣ አልተተኮሰም። ጠረጴዛዬ የለም። መደርደሪያዬ የለም። የቀሩትን ልብሶች ለየባለቤቱ አድለዋል።

ልጄ ከፎቅ ወረደ። «እማዬ፣ ለአንቺ ብለን ነው።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ አብረን እንቃጠል? ሦስት ጊዜ፣ እማዬ! ሌሊት እየወረድኩ ሶኬት እዳብሳለሁ። ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ! ስነግርሽ ትስቂብኛለሽ።»

ሌሊት እንደሚወርድ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ሦስት አይደለም፣ ሁለት ነው። ፎጣዋ አትቆጠርም።

«ሚስቴ እንንገራት ብላ ነበር» አለ ቀጥሎ። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ቤተ መንግሥቱስ? እሱስ የማን ሐሳብ ነው?»

ጥያቄውን ሳልጨርሰው መልሱን አውቄዋለሁ። ስለዚያ ገጽ ለልጄ ነግሬው አላውቅም።

ረቡዕ

አውቶቡሱ አልሞላም ነበር። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። የተጨመረልኝ ቀን ለቀለም መድረቂያ ነው።

ሐሙስ

ልብስ ሰፊው ካውያዎቼን አስቀምጦልኛል። ከስፌት መኪናው ሥር አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ተስማምተዋል ብለውን ነው እኮ፣ እማማ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«እህትዎ። ቤት ለቤት ዞራ ነው የነገረችን። ልብሳችሁን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፣ ሆዷ እንዳይባባ አታንሱባት አለችን። እኛም ትልቅ ሰው ሲያርፍ ደስ ይላል ብለን…»

መንገዱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሰላም ያለኝ ሁሉ። መስኮቱ ጋ ቆሜ የሚደረግብኝን ለሚያውቁ ሰዎች ስስቅላቸው ሰነበትኩ። ሸሚዙን ሳይዳስስ የሄደው ያ ኮሌታ እንኳ። እኔ ደግሞ ተጣልቷል ብዬ አዘንኩለት!

ካውያዎቹን እዚያው ተውኳቸው። ቤት ባስገባቸው ልጄ ሌሊት ደግሞ ሊወርድ ነው።

ዓርብ

መሀረቡን ለምራቴ ሰጠኋት። ሰጠኋት ማለት ጠረጴዛው ላይ ጣልኩላት፣ እንደ ተጨማደደ። ብድግ አድርጋ ወፎቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አለች።

ከሁሉም ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ያን ቀን ሜትሩን ይዛ የቆመችው ልትነግረኝ ነበር። እኔ ለባልሽ ንገሪው አልኳት። ነግራው ኖሯል።

እሑድ

ትንሿ ከሰዓት በኋላ መጣች። የክፍሌ በር ላይ ቆመች። ግቢም አላልኳት፣ ሂጂም አላልኳት።

«እትዬ፣ ስደቢኝ።»

«ስድብ ለሰው ነው።»

«ጭሱን እኔም አይቼዋለሁ። ፈራሁ። ልጅሽ ነጋ ጠባ እየደወለ ያለቅስብኛል። ምን ላድርግ?»

«ከፈራሽ ትነግሪኛለሽ። እፊቴ ቁጭ ብለሽ፣ እትዬ በቃሽ ትዪኛለሽ። እሰድብሻለሁ። ከቤት አስወጣሻለሁ። ደግመሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ ትዪ ነበር?»

«አልልም ነበር» አልኳት። እውነቱ ነው። «ግን የምትወስዱትን ወስዳችሁ ትተዉኝ ነበር። ያንን ገጽ ለምን ጨመርሽበት? እሱን ያነበብኩት ላንቺ ብቻ ነው።»

ከመንገድ በኩል፣ ከድሮው ቤቴ፣ አንዱ ስልክ እየሞከረ ነው፤ ያው ዜማ ይጮኻል፣ ይቆማል፣ ይጮኻል።

«ደረጃው ላይ እጄን ስትይዢኝ» አልኳት፣ «እሱስ ምን ነበር?»

«እሱ የእውነት ነው፣ እትዬ። እናታችንን! እሱ የእውነት ነው።»

አመንኳት። ችግሩም እሱ ነው። ውሸት ነበር ብትለኝ ሁሉንም ባንድ ላይ ጠቅልዬ እጥለው ነበር። አሁን የቱን ይዤ የቱን ልጣል? ሰው «ቤተ መንግሥቱ እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ያምራል» እላለሁ። ያምራላ። እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ያንን ደስታ ደግሞ የሰጠችኝ ቤቴ ሲራቆት ዞሬ እንዳላይ ነው።

አስገባኋት። የቆመ ሰው ላይ ስንት ሰዓት ይቆጣሉ? ሻይ አፈላሁ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው፣ አልጠጣችውም። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራን። ስለ ጉልበቷ አወራን። የማረፊያ ቤቱን አልጋ አንስታ ልታስቀኝ ሞከረች፤ ልስቅ ምንም አልቀረኝ፣ ግን አልሳቅኩም።

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ «እትዬ» አለች፣ «ዝናቡ ሲያልፍ ባሕር ላሳይሽ። ባሕር አይተሽ አታውቂም።»

ባሕር። ውስጤ ዘለለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሕፃን ዘለለ። ውሃው ዳር ድረስ ያስኬዳል ወይ፣ ሽታውስ ምን ይመስላል፣ ጫማ ይወለቃል ወይ ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።

ዓይኔ ግን ሳላዘው ክፍሉን ዞረ። አልጋዬ። ወንበሬ። የባለቤቴ ፎቶ። ወደ ጓሮ የሚያወጣው በር። ክፍሏ ራሷ፣ ለሱቅ ዕቃ ማስቀመጫ የምትመች። የቀረኝን አንድ በአንድ አየሁት፣ አሁን የሚፈልጉት የትኛውን ይሆን እያልኩ።

«ለልጄ ነግረሽዋል?» አልኳት።

ያልጠጣችውን ሻይ ወለሉ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ሰበረች።